መቻቻልን የሚጠላውን እንቻለው?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከድምፅ ሥር ይወርዳል)

  

የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም። መቻቻል መልካም ነገር መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ በየስብሰባውም ሰምተናል። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «እኔ ግን እነ እገሌን አልችልም፤ ከዚህ ይውጡልኝ» ቢል፣ እሱንስ እንቻለው?

ብንችለው ነገ ሌሎቹን ሊያስወጣቸው ነው። ባንችለው ደግሞ፣ «የማንችለው ሰው አለ» ያልነው እኛው ራሳችን ሆንን ማለት ነው። የቱ ይሻላል? እስቲ ለአፍታ አስቡበት።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አንድ እድር አለ እንበል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከሰሜን የመጣውም ከደቡብ የመጣውም አባል ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብርጭቆው ይወጣል። የሟች ዘር ከየት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወርኃዊ መዋጮውን ከፍሏል፤ በቃ።

አንድ እሑድ በስብሰባው ላይ አንድ አባል እጁን አውጥቶ፣ «የእነዚያን ሰዎች ለቅሶ መድረስ ከእንግዲህ ይብቃን» አለ እንበል። የእድሩ ዳኛ ምን ያድርጉ? ሰምተው እንዳልሰሙ ይለፉት? «ይህን ሰው አስወጡልኝ» ይበሉ? ወይስ አስጨርሰው መልስ ይስጡት?

ሦስቱንም ምርጫዎች በልባችሁ ያዙልኝ። ከዝግጅታችን ማብቂያ በፊት ዳኛው ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል አብረን እናያለን። እስከዚያ ግን ይህ ጥያቄ ብዙ ሕዝብ ያስለቀሰባቸውን አገሮች እንጎብኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(ማሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ጥያቄውን በዚህ መልክ ያነሣው ካርል ፖፐር የተባለ ፈላስፋ ነው። ፖፐር በ1902 በቪየና ተወለደ፤ ወላጆቹ ከአይሁድ ወገን ነበሩ። የናዚዎች አደጋ ሲቃረብ በ1937 አገሩን ለቆ ኒውዚላንድ ገባና በዚያ ማስተማር ጀመረ። በዓመቱ የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ያዘ። ፖፐር መጽሐፉን ለመጻፍ የወሰነው ያን ወሬ በሰማበት ቀን መሆኑን ራሱ ተናግሯል። መጽሐፉ «ክፍት ማኅበረሰብና ጠላቶቹ» ይባላል፤ በ1945 ታተመ።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠቀሰው ሐሳቡ የሰፈረው ግን በመጽሐፉ ዋና ክፍል ውስጥ አይደለም። የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ምን ይላል? መቻቻል ወሰን ከሌለው ራሱን ያጠፋል፤ ሁሉን የሚችል ማኅበረሰብ ራሱን ካልተከላከለ፣ ምንም የማይችሉት ይመጡና ቻዮቹንም መቻቻሉንም አብረው ያጠፏቸዋል ይላል።

ብዙ ሰው ፖፐርን የሚጠቅሰው እዚህ ድረስ ነው። እዚህ ላይ አቁሞም፣ «እንግዲያው የማንወደውን አፍ እንዝጋ» ይላል። ፖፐር ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በክርክር ልንመልሳቸው እስከቻልን፣ የሕዝብ አስተያየትም ልጓም እስከሆነባቸው ድረስ፣ ማፈን እጅግ ጥበብ የጎደለው ነገር ይሆናል ብሏል። የመከልከል መብታችንን በመጠባበቂያ የምንይዘው፣ ሰዎቹ ክርክርን እንቢ ብለው ተከታዮቻቸውን በቡጢና በሽጉጥ መልሱ ብለው ሲያስተምሩ ነው።

ልድገመው። በቃል ለሚመጣ ቃል። በዱላ ለሚመጣ ሕግ። ይህን ልዩነት ያዙ፤ ዛሬ የምንለው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የዋይማር ሪፐብሊክ ተመሠረተ። ብዙዎቻችን የሰማነው፣ ይህ ሪፐብሊክ የወደቀው ከልክ በላይ ታጋሽ ስለነበረ፣ ናዚዎች ያሻቸውን እንዲናገሩ ስለፈቀደ ነው የሚል ነው። እውነት እንደዚያ ነበር?

እስቲ እንየው። በ1925 ሂትለር ከእስር በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የባቫሪያ መንግሥት በአደባባይ እንዳይናገር ከለከለው። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። በባቫሪያ እገዳው ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ በትልቋ ግዛት በፕሩሺያ ደግሞ እስከ 1928 ዘለቀ።

ናዚዎች እገዳውን ምን አደረጉት? ፖስተር አሠሩበት። በፖስተሩ ላይ የሂትለር ፊት አለ፤ አፉ ላይ ማሸጊያ ተለጥፏል። በምድር ላይ ካለው ሕዝብ ሁሉ በጀርመን እንዳይናገር የተከለከለው እሱ ብቻ ነው የሚል መልእክት ነበረው። ተከልካዩ ተበዳይ ሆኖ ቀረበ፤ ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ «ምን ቢናገር ነው እንዲህ የፈሩት?» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ንግግሩ ተከልክሎ ነበር። ታዲያ ያልተከለከለው ምን ነበር? አድማጮቼ፣ ያልተከለከለው ዱላው ነው።

በኅዳር 1923 ሂትለርና ተከታዮቹ በሙኒክ መንግሥት ለመገልበጥ መሣሪያ ይዘው ወጡ። በተኩሱ አራት ፖሊሶች ሞቱ። በአገር ክህደት ሲከሰስ ዳኞቹ በችሎቱ ለሰዓታት እንዲሰብክ ፈቀዱለት። የአምስት ዓመት እስር ፈረዱበት፤ ያውም ቶሎ ሊፈታ እንደሚችል አስታውቀው። በታኅሣሥ 1924 ወጣ። እሱ ያኔ የኦስትሪያ ዜጋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወንጀል የሠራ የውጭ ዜጋ ከአገር እንዲባረር የሚያዝ ሕግም ነበረ። ችሎቱ ሕጉን በእሱ ላይ ተፈጻሚ አላደርገውም አለ።

ይህ የአንድ ችሎት ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤሚል ጉምበል የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት የተፈጸሙትን ፖለቲካዊ ግድያዎች አንድ በአንድ ቆጠረ። ቀኝ ጽንፈኞች ከፈጸሟቸው 354 ግድያዎች 326ቱ ያለ ቅጣት ቀሩ። ከግራ በኩል የተፈጸሙት 22 ነበሩ፤ ከእነሱ ሳይቀጡ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ሕጉ አንድ ነበር፤ የዳኛው ሚዛን ግን ሁለት። ጉምበል ይህን በመጻፉና በመናገሩ ሲሳደድ ኖሮ፣ በ1932 ከዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ ተባረረ።

በዚያው በ1932፣ በነሐሴ፣ ፖቴምፓ በምትባል መንደር ደንብ ልብስ የለበሱ የናዚ ታጣቂዎች ሌሊት አንድ የቀን ሠራተኛ ቤት ሰብረው ገቡ። ሰውየውን እናቱ ፊት ቀጥቅጠው ገደሉት። አምስቱ ሞት ተፈረደባቸው። ሂትለር ለገዳዮቹ አጋርነቱን የሚገልጽ ቴሌግራም ላከ። መንግሥት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ዝቅ አደረገው። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሁለት ወሩ ደግሞ ሁሉም ተፈቱ።

የናዚን ፓርቲ ሕዝቡ በነጻ ምርጫ ከመቶ 38 የሚደርስ ድምፅ ሰጥቶት አያውቅም። ሥልጣኑን ያስረከቡት፣ «እኛ እንገራዋለን» ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በመጋቢት 1933 ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ሁሉ ለሂትለር የሚሰጠውን ሕግ ሲያጸድቅ፣ ታጣቂዎቹ በአዳራሹ መተላለፊያ ተሰልፈው ነበር። የኮሚኒስት ተመራጮች ታስረዋል ወይም ሸሽተዋል። ያን ቀን የተቃወሙት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ እንግዲህ፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ነው የሚባለው።

ትምህርቱን ልድገመው። ዋይማር የናዚዎችን አፍ ዘጋ፤ እጃቸውን ግን ተወው። መሆን የነበረበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

(ማሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ውቅያኖስ እንሻገር። በቺካጎ አጠገብ ስኮኪ የምትባል ከተማ አለች። በ1970ዎቹ ከነዋሪዎቿ መካከል ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፉ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ነበሩ። ክንዳቸው ላይ የካምፑ ቁጥር የተነቀሰባቸው ሰዎች በገበያዋ ይታዩ ነበር።

በ1977 አንድ ትንሽ የአሜሪካ ናዚ ቡድን የናዚ ዩኒፎርም ለብሰን፣ ምልክቱን ይዘን በዚህች ከተማ ሰልፍ እንወጣለን አለ። ከተማዋ ከለከለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ለሰልፈኞቹ ጥብቅና የቆመው ማን ነበር መሰላችሁ? የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት የተባለ የመብት ድርጅት ነው። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ዴቪድ ጎልድበርገር አይሁዳዊ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ አርየ ናየርም በበርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ቤተሰቡ ከናዚዎች ሲሸሽ እሱ ገና ሕፃን ነበር።

ለምን እንዲህ አደረጉ? ክርክራቸው ይህ ነው። ከተማዋ ዛሬ «ነዋሪው ይቆጣል» ብላ ናዚዎቹን መከልከል ከቻለች፣ ነገ ሌላ ከተማ በዚያው ምክንያት የጥቁሮችን የመብት ሰልፍ ትከለክላለች። ይህ ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ በተግባር የታየ ነገር ነበር።

ድርጅቱ በዚህ አቋሙ ብዙ ሺህ አባላቱን አጣ። የተረፉት ሰዎች ሕመምም ቀላል አልነበረም። እናትና አባቱ የተቃጠሉበትን ሰው፣ «ገዳዮቹን የሚያወድስ ሰልፍ በደጅህ ይለፍ፤ መብቱ ነው» ማለት ይከብዳል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ፍርድ ቤቶቹ ለሰልፈኞቹ ፈረዱ። ቡድኑ ግን በመጨረሻ ስኮኪ አልሄደም። በ1978 ቺካጎ ውስጥ ሲሰለፍ ሰልፈኞቹ ጥቂት ነበሩ፤ የተቃዋሚው ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። የስኮኪ ሰዎችስ? እስከዚያ ዝም ብለው የኖሩ ብዙ የተረፉ ሰዎች መናገር ጀመሩ። ማኅበር አቋቋሙ፤ ታሪኩ በግዛቲቱ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ታገሉ፤ ተሳካላቸውም። በ2009 በዚያችው በስኮኪ ትልቅ ሙዚየም ተከፈተ።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

እንግዲህ አንዳንዳችሁ፣ «ታዲያ ቃል ምንጊዜም ይታለፍ ነው የምትለን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ለዚህ መልስ የሚሰጠን የራሳችን ሙያ ነው፤ ሬዲዮ።

በሩዋንዳ በሐምሌ 1993 አር ቲ ኤል ኤም የተባለ አዲስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ወጣቱ ወደደው። ጥሩ ሙዚቃ ነበረው፣ ቀልድ ነበረው፣ አድማጭ እየደወለ ይሳተፍበት ነበር። በቀልዱ መሐል የቱትሲ ጎሣ አባላትን በረሮ እያለ ይጠራ ጀመር። በሚያዝያ 1994 በቱትሲዎች ላይ ጭፍጨፋ ሲጀመር፣ ጣቢያው የሰዎችን ስም፣ የተደበቁበትን ቦታ፣ የመኪናቸውን ታርጋ ሳይቀር በአየር ላይ አነበበ። ገዳዮቹ በመንገድ መዝጊያ ኬላዎች ላይ ሬዲዮ በአንድ እጅ፣ ገጀራ በሌላ እጅ ይዘው ቆመዋል።

አባቶቻችን «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። የተደበቀን ሰው አድራሻ ለገዳይ ማንበብ ሐሳብን መግለጽ ነው? አይደለም። ስለት ማቀበል ነው። የጣቢያውን ሥርጭት የማፈን ሐሳብ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ ውድ ነው፣ በሕግም ያስቸግራል ተብሎ ቀረ። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሁለት የጣቢያውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ በ2003 ጥፋተኛ አለ፤ በይግባኝ ቅጣታቸው ቢቀነስም ጥፋተኝነታቸው ጨርሶ አልተነሣም። ለሞቱት ግን ፍርዱ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው።

ስለዚህ ወሰኑ የት ነው? ቃሉ ማስቀየሙ ወሰን አይሆንም፤ ማስቀየም በየቀኑ አለ። ወሰኑ ቃሉ የአንድን ሰው ደጅ ለዱላ ሲያመለክት ነው። ማን ተናገረ? ለማን ተናገረ? አድማጩስ በእጁ ምን ይዟል? ይህን መጠየቅ ነው።

(ማሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወሰኑ ታለፈ ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው? ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 ባወጡት ሕገ መንግሥት፣ የዴሞክራሲውን ሥርዓት ለማፍረስ የሚሠራ ፓርቲ እንዲታገድ ፈቀዱ። ግን ልብ በሉ፤ ማገድ የሚችለው መንግሥት አይደለም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። በእስከ ዛሬው ታሪኩ ያገደው ሁለት ፓርቲ ነው፤ አንዱን በ1952፣ ሌላውን በ1956። በ2017 ሌላ ጽንፈኛ ፓርቲ ሲቀርብለት፣ «ዓላማው ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው፤ ግን ይህን ለማሳካት አቅም የለውም» ብሎ ሳያግደው ቀረ። ጥላቻውን አልካደም፤ አደጋውን ነው የመዘነው።

ወደ አገራችንስ ስንመጣ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል፤ በዚያው አንቀጽ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ በሕግ እንደሚከለከል ይደነግጋል። እንደ እኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ይህ አዋጅ በአንድ ነገር ከዛሬው ትምህርታችን ጋር ይገጥማል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ ከፍ ይላል።

ያም ሆኖ ሌላም ትዝታ አለን። እንደ እኛው አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ሕዝብን ከሽብር ለመጠበቅ ተብሎ ነበር የወጣው። በተግባር ግን ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ታሰሩበት። ከዓመታት በኋላ በሌላ አዋጅ ተተካ። እንግዲህ «ጽንፈኛውን ዝም አሰኙልን» ብለን ለባለሥልጣን ብትር ስናቀብል፣ ነገ ብትሩ በማን እጅ እንደሚሆን መጠየቅ አለብን። ዛሬ ለጠላሁት ሰው ያወጣሁት ሕግ ነገ በእኔ ላይ ቢሠራ እቀበለዋለሁ? መልሳችሁ «የለም» ከሆነ፣ ሕጉ ልኩን አልፏል ማለት ነው።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አሁን የእድራችንን ዳኛ እንርዳቸው። ዝም ቢሉ፣ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ወር እጅ የሚያወጡት አምስት ይሆናሉ። ወዲያው ቢያስወጡት፣ ሰውየው አፉ እንደታሸገ ተበዳይ ሆኖ በየጠላ ቤቱ ያወራዋል።

የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ያስጨርሱት። ከዚያ በጉባኤው ፊት መተዳደሪያ ደንቡን አንሥተው ያንብቡለት፤ «መዋጮውን የከፈለ ሁሉ አባል ነው ይላል፤ የአንተንም አባት የቀበርነው በዚህ ነው» ይበሉት። ሌሎቹም አባላት ዳኛው ላይ አይጣሉት፤ በየተራ ይናገሩ። «ነገሩ አላማረኝም ነበር» ብሎ ከስብሰባ በኋላ በሹክሹክታ መናገር መልስ አይባልም።

ሰውየው ግን ነገ የአንዱን ድንኳን ቢያፈርስ፣ ወይም ጎረምሶች ሰብስቦ ለቀስተኛ ቢያስፈራራ፣ ያን ጊዜ ክርክር አብቅቷል። ደንቡም ፖሊስም ሥራቸውን ይሥሩ። ዘመዱ ማን ነው፣ ከየት ወገን ነው ሳይባል፤ እሱ ያደረገውን ሌላው ቢያደርግ በሚቀጣበት ልክ ይቀጣ። ዋይማርን የገደለው የዚህ መጓደል መሆኑን አትርሱ።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

እንግዲህ የዛሬውን በአጭሩ እንከልስ። አንደኛ፣ የሚያስከፋንን ሐሳብ በሐሳብ እንመልስ፤ ዝምታ መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዱላን ከመጀመሪያዋ ዱላ ጀምሮ አንታገሥ፤ ለዱላ አቅጣጫ የሚያሳይ ቃልም የዱላው አካል ነው። ሦስተኛ፣ ሕጉ ለወዳጅም ለጠላትም አንድ ይሁን፤ ወሳኙም የተቆጣው ወገን ሳይሆን ነጻ ዳኛ ይሁን።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ እነሆ። አብዛኞቻችን የቤተሰብ ወይም የሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለን። በዚያ አንድ የምታከብሩት ታላቅ ሰው፣ አጎት ወይም አክስት፣ አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚሰድብ ጽሑፍ ለጠፉ እንበል። ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ክብራቸውን ሳትነኩ፣ ነገሩንም ሳታልፉት? ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እናነባቸዋለን። ከእኔ ሐሳብ ጋር የማይስማማም ካለ ይጻፍ፤ እሱን አስቀድመን እናነበዋለን።

እስከዚያው ደህና ሰንብቱልኝ።

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)